ቀጥቃጩ ጓንጉልና የርግብ አንገት ቀለም

ጓንጉል ፈረደ በአሽቀሎን ከተማ፣ በአቲቆት ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ ከሚስቱ ከሀረጓ ጋር የሚኖር፣ ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነበር። ቀኝ ክንዱ ከግራው ይወፍራል፤ ያወፈረውም መዶሻ ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር አባቱ ፈረደ፣ ከአባቱም በፊት አያቱ፣ በአንድ መስፍ ላይ ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። እርሱም ወናፍ ከመንፋት ጀምሮ መዶሻ እስኪጨብጥ፣ መዶሻ ከጨበጠም በኋላ ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ ከዚያ ምድጃ አልራቀም።

የአካባቢው ገበሬ ሁሉ የሚያርስበትን ማረሻ፣ የሚያጭድበትን ማጭድ ከእነርሱ እጅ ይቀበል ነበር። ተቀብሎ ሲያበቃ ግን ከቤታቸው እህል ውሃ ሳይቀምስ፣ ሕፃን ይዞ እንደ ሆነ ሕፃኑን በጋቢው ሸፍኖ ይሄዳል። ቀጥቃጭ የሚለው ቃል በዚያ አገር የሙያ ስም ብቻ አልነበረም። ቡዳ ከሚለው ቃል ጋር ተጣምሮ ከሩቅ የሚወረወር ድንጋይ ነበር።

ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ በመጣ በወራት ውስጥ፣ በአሽቀሎን የሥራ ማገናኛ ቢሮ ጸሐፊዋ ሙያውን ስትጠይቀው፣ ጓንጉል ያን ቃል ከአፉ ማውጣት አልወደደም። አስተርጓሚ ሆኖ አብሮት የሄደው ዘሩ ነበር። ዘሩ ከሰባት ዓመት በፊት በሱዳን በኩል የገባ፣ ዕብራይስጡን አጥርቶ የሚናገር፣ ምላሱ ለቀልድ የፈጠነ የመንደሩ ልጅ ነው።

«ጋሼ ጓንጉል፣ ምን ልበላት?»

«ገበሬ በላት።»

«አንቱ እኮ ገበሬ አይደሉም።»

«ገበሬ በላት አልሁህ።»

«እሺ፣ ገበሬ። ግን እዚህ አገር የሚታረሰው በማሽን ነው፤ በሬ አምጣ እንዳይሉኝ።»

ጸሐፊዋ ገበሬ ብላ ጻፈች። ጓንጉል ከቢሮው ሲወጣ አንድ ሸክም የጣለ መሰለው። ሌላ ሸክም ማንሣቱን ያወቀው ቆይቶ ነው፤ ሙያ እንደሌለው ሰው ተቆጥሮ፣ ከከተማው በስተ ደቡብ ባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ዘሩ በሚሠራበት በአንድ አነስተኛ የሞላ ፋብሪካ የማሸጊያ ክፍል ተመደበ። ሞላ ማለት ሲጫኑት የሚታጠፍ፣ ሲለቁት ወደ ቁመቱ የሚመለስ የተጠመዘዘ ብረት ነው። ጓንጉል የተሠሩትን ሞላዎች በካርቶን ይደረድራል፣ ካርቶኑን ያሽጋል፣ ወለሉን ይጠርጋል። የተቃጠለ ዘይትና የጋለ ብረት ሽታ ከግድግዳው ማዶ ይመጣል፤ እርሱም አፍንጫውን ወደዚያ መልሶ ካርቶን ያጥፋል። አንድ ጊዜ እንኳ ግድግዳውን አልፎ አልሄደም።

ከዓመት በኋላ ግን የሙቀት ሥራውን ይዞት የኖረው ሽማግሌ ሮማኒያዊ ጡረታ ወጣ። የፋብሪካው ኃላፊ ሻሎም፣ ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ፣ ድምፁ ከማሽን የሚበልጥ ሰው፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ እሳት የሚያውቅ ካለ ጠየቀ። ሁሉም ጫማውን ተመለከተ።

«አንድ ገበሬ አለን» አለ ዘሩ በዕብራይስጥ። «ብረት ዘርቶ ብረት የሚያጭድ።»

ጓንጉል ሰዎች ወደ እርሱ ሲዞሩ አይቶ ዘሩን በክርኑ ጎሸመው። «ምን አልኸው?»

«እውነቱን። ከፈለጉ ይቆጡኝ፤ ካርቶን ሲያጥፉ ማየት ሰለቸኝ።»

ሻሎም ብዙ አልጠየቀም። አንድ የተጠመዘዘ የአረብ ብረት ሞላ ወረወረለት። ጓንጉልም ሞላውን እንደ ፍም እስኪቀላ አጋለው፣ ዘይት ውስጥ ነከረው። እንዲህ የተነከረ ብረት ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ አጥቦና ወልውሎ፣ ከሥሩ እሳት በሚነድበት የአሸዋ ትሪ ላይ መልሶ በዝግታ አሞቀው። የብረቱ ገጽ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ያዘ፤ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ሆነ። በመጨረሻ አባቱ «የርግብ አንገት» ይለው የነበረው ያ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ብቅ ሲል፣ ጓንጉል ዓይኑን ሳያርገበግብ በጉጠት አነሣው። አባቱ ከተሰባበረ የጣሊያን መኪና ባለስትራ፣ ከጎማው በላይ ከሚነጠፈው የሞላ ብረት፣ ቢላዋ ሲሠራ ይህን ቀለም ጠብቆ ነው። ቀለሙ ካልመጣ ብረቱ ይሰበራል፤ ካለፈ ደግሞ ይልፈሰፈሳል።

ሻሎም ሞላውን በመቆንጠጫ ጨፍልቆ አሳደረው። በማግሥቱ ሲፈታው ሞላው ወደ ቁመቱ ተመለሰ። «በሴደር» አለ ሻሎም፤ ደኅና ነው ማለቱ ነው፣ ከእርሱ አፍ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሲወጣ የሰማ የለም። «ከነገ ጀምሮ እዚህ ቁም።»

ያን ዕለት ጓንጉል በአውቶቡስ አልሄደም። በሚግዳል ገበያ መካከል አቋርጦ፣ እጁ የዘይት ሽታ እንደያዘ፣ ራሱን ቀና አድርጎ በእግሩ ቤቱ ገባ። ለሀረጓም «እሳት ሰጡኝ» አላት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

በዚህ ሁኔታ ጥቂት ወራት አለፉ። በዚያው አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. የጸደይ መጀመሪያ ላይ ያሪቭ የሚባል ወጣት መሐንዲስ አንድ ጥቅል ሽቦ ይዞ ወደ ፋብሪካው መጣ። ያሪቭ ለባሕር ጀልባዎች ፓምፕ የሚሠራ ድርጅት ባልደረባ ነው። በፓምፑ ውስጥ የባሕር ውሃ የሚያልፍበትን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሞላ አለ፤ የአረብ ብረቱ ሞላ በጨው እየዛገ ይሰበርበታል። ያመጣው ሽቦ ቲታንየም ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ ነበር። ከሁለቱም ዓይነት ሞላዎች ተሠርተው፣ ጎን ለጎን እንዲፈተኑለት ፈለገ።

ጓንጉል ሽቦውን በመዳፉ መዘነው። ወደ ላይ ጣል አድርጎ መልሶ ያዘው።

«ይህ ብረት ጾም የዋለ ነው» አለ።

ዘሩ ሲተረጉምለት ያሪቭ ሳቀ። «ክብደቱ ከፕላዳ ግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ጾሙን ግን ይችለዋል በለው።» ፕላዳ የሚሉት አረብ ብረትን ነው። ያሪቭ ሽቦውን በእጁ እያጠፈ ማስረዳቱን ቀጠለ። ቲታንየም በአንድ ዓይነት ጭነት ከአረብ ብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይለመጣል፤ ስለዚህ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ጥቂት ጥምዝ ይበቃዋል፣ ሞላው ይበልጥ አጭርና ቀላል ሆኖ ይወጣል። የባሕር ጨው አይነካውም። በአንጻሩ ዋጋው የትየለሌ ነው፤ ገጹ በጥቂቱ እንኳ ከተጫረ በዚያው ጭረት ይሰበራል፤ ከሌላ ብረት ጋር ሲፋተግም ይነክሳል፣ ይጣበቃል።

ጓንጉል ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ፣ «እንግዲህ የጌታ ልጅ ነው» አለ። «ካልነኩት ደኅና ነው። የኛው ግን የድሃ ልጅ ነው፤ ወድቆ ይነሣል።»

በመጨረሻ ያሪቭ ስለ እሳቱ ትእዛዝ ሰጠ። የቲታንየሙ ሞላ በዘይት አይነከርም፣ በአሸዋ ላይም አይሞቅም። በኤሌክትሪክ እቶን ውስጥ፣ ያሪቭ ራሱ ባስተካከለው ሙቀት፣ ከጠዋት የሥራ መግቢያ እስከ ማታ መውጫ ድረስ ይቆያል፤ በሩም አይከፈትም። ዘሩ ይህን ቃል በቃል ተረጎመ፤ ጓንጉልም ቃል በቃል ሰማ።

የአረብ ብረቱን ሞላዎች በአሸዋው ላይ፣ በለመደው መንገድ፣ አንድ በአንድ ጨረሰ። በማግሥቱ ጠዋት ቲታንየሞቹን እቶን ውስጥ ደርድሮ በሩን ዘጋ። ሻሎም ዕቃ ለማድረስ ወጥቷል፤ ዘሩ በሌላው አዳራሽ ጫፍ ጆሮውን ሸፍኖ ሽቦ መጠምዘዣው ላይ ቆሟል። እቶኑ ትንሽ የመመልከቻ መስተዋት አለው። ጓንጉል እሳት ውስጥ ያለ ሥራን ሳያይ የዋለበት ቀን በሕይወቱ የለም፤ ስለዚህ አየ። ሞላዎቹ የገለባ ቀለም ይዘዋል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አየ፤ ወደ ሐምራዊ እየሄዱ ነው። ቀኑ ለእኩሌታ ሲቃረብ፣ ሲመለከት፣ የሚያውቀው የርግብ አንገት ሰማያዊ እንደ ልማዱ አብረቀረቀ።

ማታ እስኪደርስ ከቆዩ ቀለሙ ያልፋል፤ ቀለሙ ካለፈ ሥራው ሁሉ ሊልፈሰፈስ ነው። መሐንዲሱ ማታ ብሏል፣ ግን መሐንዲሱ እዚህ የለም፤ ቀለሙ እዚህ ነው። በፈረደ ምድጃ ደግሞ ያዘዘው ማንም ይሁን ማን፣ ቀለሙ ሲመጣ ብረት ይወጣል። ጓንጉል በሩን ከፈተ፣ ትሪውን ስቦ በጡብ ላይ አኖረው። ያዳናቸው መሰለው። ማታ ዘሩ ሲያልፍ «አለቀ ጋሼ?» ቢለው፣ «አልቋል» ብሎ በሙሉ ልብ መለሰለት።

ያሪቭ መጥቶ ከሁለቱ ወገን ግማሽ ግማሹን በመፈተኛው ማሽን ላይ ሰካ። ከተሰኩትም ግማሾቹ በደረቅ፣ ግማሾቹ በጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ ሆነው፣ ማሽኑ ያለ ዕረፍት ይጫናቸዋል፣ ይለቃቸዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የሥራ ሰዓት ሊያበቃ ሲል፣ ተመልሶ ለካቸው። የአረብ ብረቶቹ ቁመት እንደ ነበረ ነው፤ ገንዳው ውስጥ በነበሩት ጫፍ ጫፍ ላይ ቀይ ዝገት መጀመሩ ብቻ ታየ። ቲታንየሞቹ ግን በደረቅም በጨውም አጥረዋል፤ ተጭነው ወደ ቁመታቸው መመለስ አቅቷቸዋል።

ያሪቭ ልኩን ደጋግሞ ወሰደ። ፊቱ ጠቆረ። «የሚዝግ ሞላ ዝጎ እስኪሰበር ጊዜ ይሰጣል» አለ ለሻሎም። «ወድቆ የማይነሣ ሞላ ግን ዛሬውኑ አይጠቅመኝም። ቀኑን ሙሉ እቶን ውስጥ ቆይቶ እንዲህ ከላላ ጥፋቱ የብረቱ ነው። ነገ ጠዋት መጥቼ ሽቦውን እወስዳለሁ፤ ቀለም ቀብተን በፕላዳው እንቀጥላለን።»

ሻሎም አልከፋውም፤ የአረብ ብረት ሥራ ለፋብሪካው ይቀናዋል። የጓንጉልን ትከሻ በሰፊ መዳፉ መታው። «ያንተ ፕላዳ!» አለ። ዘሩም ከማዶ መጣ። «እንኳን ደስ ያለዎ ጋሼ፤ የጌታውን ልጅ ጣሉት። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ በዚህ አዳራሽ ስናልፍ ባርኔጣ እናነሣለን።»

ጓንጉል ፈገግ አለ። እውነትም ደስ አለው፤ የአባቱ ብረት በሩቅ አገር፣ በመሐንዲስ ፊት ቆሞ አሸንፏል። ልብሱን ሲቀይር ግን ዘሩን መለስ ብሎ ጠየቀው።

«መሐንዲሱ ለሻሎም ሲናገር ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ምን እያለ ነበር?»

«ቀኑን ሙሉ እሳት በልቶ ካልጠነከረ፣ ብረቱ የማይረባ ነው አለ።»

ቀኑን ሙሉ። ጓንጉል የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቁሞ ቆመ።

በራት ላይ ሀረጓ አየችው። ሀረጓ በአሽቀሎን በአረጋውያን ማረፊያ ቤት ታገለግላለች፤ በአገሯ ግን ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ገንቦዋ ከገበያ ተመልሶ አያውቅም።

«ያሸነፈ ሰው እንዲህ ነው የሚበላው?» አለችው።

«ቀለሙ መጥቶ ነበር» አለ ጓንጉል።

«የምን ቀለም?»

ነገራት። ሀረጓ እስኪጨርስ ሰምታ፣ «ብረቱን ከዚያ በፊት ታውቀው ኖሯል?» ብላ ጠየቀች።

«ብረት ብረት ነው።»

«እኔ የመንደራችንን ጭቃ አውቃለሁ። የሌላ አገር ጭቃ ሲያመጡልኝ ግን መቅላቱን ብቻ አይቼ ከእሳት አላወጣሁም። ላዩ ፈጥኖ የሚቀላ ጭቃ አለ፤ ሆዱ ጥሬ ነው። የሚያዋርድህ ውሃ የሞላኸው ዕለት ነው።»

«ይህን ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?»

«የጠየቅኸኝ ዛሬ ነው።»

ጓንጉል እንጀራውን ገፋ አደረገ። «ብናገር ወደ ካርቶኑ ይመልሱኛል።»

«ይመልሱህ ይሆናል።»

«ዝም ብል የሚያውቅ የለም። ፕላዳው እንደ ሆነ በእውነት የጸና ነው፤ እርሱን አላጭበረበርሁም።»

ሀረጓ ሳህኖቹን አንሥታ ተነሣች። «ፈረደ ቢሆን ምን ያደርግ እንደ ነበር እኔን አትጠይቀኝ» አለችው። «እኔ ምራቱ ነኝ። ልጁ አንተ ነህ።»

ልጁ ያውቅ ነበር። በፈረደ ቤት «እሳቱን መናገር» የሚባል ወግ አለ። የቀጥቃጩ ሥራ የተበላሸ እንደ ሆነ፣ ሥራውን ያዘዘው ሰው ይጠራል። ቀጥቃጩም ዕቃውን በመስፉ ላይ አኑሮ፣ በስንተኛው እሳት እንደ ተበላሸ፣ ምን እንዳጠፋ በግልጽ ይናገራል፤ ከዚያ በገዛ መዶሻው ይሰብረዋል። ጓንጉል ገና ወናፍ ነፊ ሳለ፣ ካሣሁን የተባለ ባላገር የወሰደው ማጭድ በአጨዳ መካከል ተሰበረበት። ካሣሁን ከዚያ ቤት ወጥቶ ሲሄድ ምራቁን እንትፍ የሚል ሰው ነው። ፈረደ አስጠራው፤ «ሳልነክረው በፊት፣ በሁለተኛው እሳት ብረቱን አቃጠልሁት፤ ሐሳቤ ሌላ ዘንድ ነበር» ብሎ በፊቱ ተናገረ፤ በዚያው እሳት የወጣውን፣ ገና ያልተሸጠውን ሌላ ማጭድም አምጥቶ ሰበረ። ካሣሁን ያን ቀንም ውሃቸውን አልቀመሰም። በገበያ ግን፣ «ቡዳም ቢሆን እሳቱን አይደብቅም» ብሎ ተናገረ። ፈረደ ይህ ከተነገረው በኋላ ወደ ምድጃው ተመልሶ ሲሠራ ጓንጉል የአባቱን ጀርባ አየ። እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቶት አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ጓንጉል ከሥራ ሰዓት ቀድሞ ዘሩን በር ላይ ጠበቀው።

«መሐንዲሱ ሳይሄድ የምነግረው አለ። ተርጉምልኝ።»

ዘሩ የሚነገረውን ሰምቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «አልተረጉምም» አለ። «ጋሼ፣ ጤና ነዎት? ሻሎም አዝንልሃለሁ ብሎ የሚያልፍ ሰው ይመስልዎታል? እኔ ነኝ እኮ ‹እሳት ያውቃል› ብዬ የዋስትና ያህል የተናገርሁልዎ።»

«ስለዚህ አንተም ትሰማለህ።»

«አልተረጉምም አልሁ።»

ያሪቭ ሽቦውን በብብቱ ይዞ፣ ከሻሎም ጋር እየተነጋገረ ወደ በሩ ሲመጣ፣ ጓንጉል መንገዱ ላይ ቆመ። ያልተፈተኑት ቲታንየም ሞላዎች በእጁ ነበሩ። በሕይወቱ ሙሉ ዕብራይስጥ አስተካክሎ ተናግሮ አያውቅም፤ ከገበያና ከሰላምታ የተረፉ ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩት። እነርሱኑ አንድ በአንድ አስቀመጣቸው።

«ታኑር» አለ፣ ወደ እቶኑ እያመለከተ። «አኒ ፓታኽቲ። ሎ ኮል ሀዮም። ኻጺ ዮም።»

እኔ ከፈትሁ፤ ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ነው ማለቱ ነበር። ጓንጉል ወደ ሥራ ጠረጴዛው ሄዶ አንዱን ሞላ በብረት ጉቶ ላይ አኖረ፤ መዶሻውንም አነሣ። ያሪቭ ሽቦውን ጥሎ ሮጠና ክንዱን ያዘው።

«ምን እያደረገ ነው?» ብሎ ጮኸ ወደ ዘሩ።

ዘሩ ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻለም። ቀለሙን፣ ወጉን፣ የፈረደን ማጭድ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተረጎመ። ያሪቭ የጓንጉልን ክንድ ሳይለቅ ሰማ። ከዚያ ሞላውን ከጉቶው ላይ አንሥቶ ወደ ብርሃን አቀረበው። ሰማያዊው ቀለም አሁንም ያበራል።

«ቀለሙ እውነት ነው» አለ በዝግታ። «ግን ይህ ብረት ቀለም የሚያወጣው በቆዳው ብቻ ነው። የሚጠነክረው ከውስጥ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀለሙ ስለ ውስጡ ምንም አይነግርህም። ፕላዳ ቢሆን ልክ ነበርህ። ደግሞም መስበር አያስፈልግም። የአባትህ ማጭድ የተሰበረው ብረቱ ተቃጥሎ ነው፤ ይህ ገና አልደረሰም። ተመልሶ ይገባል።»

ጓንጉል ትርጉሙን ሲሰማ መዶሻውን ዝቅ አደረገ። በእርሱ ዘመን የተሳሳተ ሥራ ሳይሰበር ሲመለስ አላየም። ያልተፈተኑትን ሞላዎች አንድ በአንድ፣ ገጻቸው እንዳይጫር እየተጠነቀቀ፣ ለያሪቭ አስረከበ።

ያን ጊዜ ሻሎም ተናገረ፤ ዘሩም ዓይኑን ሰብሮ ተረጎመው። «አትክፈት የተባለውን በር የሚከፍት ሰው እቶን ላይ አላቆምም፤ ወደ ማሸጊያው ሂድ ነው የሚለው።»

ጓንጉል ሽርጡን ፈትቶ በእቶኑ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ በሥርዓት ሰቀለ፤ ግድግዳውን አልፎም ወደ ካርቶኖቹ ተመለሰ። ያያቸው ሰዎች አንገቱን ደፍቶ ይመጣል ብለው ጠብቀው ነበር። እርሱ ግን ቀጥ ብሎ ገባ፣ ካርቶኑን አነሣ፣ አጠፈ፣ ደረደረ፤ እንደ ሹመት ሥራ ይሠራው ጀመር።

በምሳ ሰዓት ዘሩ አጠገቡ ተቀመጠ። «ዝም ቢሉ ኖሮ ዛሬ የአዳራሹ ጌታ ነበሩ።»

«ዛሬ አንተ ልትተረጉምልኝ እንቢ ያልኸኝን ነው የማስታውሰው።»

«ይምቱኝ እንግዲህ» አለ ዘሩ፤ ከምሳውም ግማሹን ቆርሶ ሰጠው።

ሞላዎቹን መልሶ እቶን ውስጥ ያስገባቸው ሻሎም ራሱ ነው፤ ያሪቭም በሩ ሲዘጋና ሲከፈት ቆሞ አየ። ከዚያ ፈተናው እንደገና ተጀመረ። የአረብ ብረቶቹ ከፊተኛው ፈተና ቀጥለው፣ ቲታንየሞቹ በአዲስ ገብተው፣ ማሽኑ ሳምንታት ያህል ሲጫናቸውና ሲለቃቸው ሰነበተ። ጓንጉል ድምፁን ከግድግዳው ማዶ ይሰማል። የትኛው እንዲያሸንፍ እንደሚፈልግ ራሱን እየጠየቀ ካርቶኑን ያጥፋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ቀጥ አለ። ዘሩ ወደ ማሸጊያው መጥቶ በእጁ ጠራው። በጨው ገንዳው ውስጥ ከአረብ ብረቶቹ አንዱ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል። ቲታንየሞቹ ከጎኑ፣ በዚያው ጨው ውስጥ፣ ቁመታቸው ሳይጎድል፣ ገጻቸው ሳይዝግ ቆመዋል። ጓንጉል የተሰበረውን አንሥቶ ስብራቱን አየ። ስብራቱ የጀመረው ጨው ከቆፈረው አንድ ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ ከዚያ በቀር የብረቱ ውስጥ ጥርት ያለ፣ ደቃቅ፣ አባቱ ቢያየው የማይነቅፈው ነበር።

«እሳቱ ደኅና ነው» አለ። «ጨው በላው እንጂ።»

በደረቅ የተፈተኑት ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ጸንተዋል። ያሪቭ ሁሉንም ለክቶ ሲያበቃ ውሳኔውን ተናገረ። የባሕር ውሃ በሚነካው የፓምፑ በር ላይ ቲታንየሙ ይገባል፤ ዋጋውም ይከፈልበታል። ውሃ በማይደርስበት በሌላው የፓምፑ ክፍል ግን አረብ ብረቱ ይበቃል፤ ጠንካራ ነው፣ መፋተግ ይችላል፣ ርካሽ ነው። ከዚያ ወደ ሻሎም ዞሮ ሌላ ነገር ጨመረ፤ ዘሩ ሰምቶ ለጓንጉል አደረሰ።

«እቶኑን የሚከፍት ሰው አያስፈራኝም፤ ከፍቶ የማይነግረኝ ነው የሚያስፈራኝ ይላል። ሁለቱንም ሥራ እርሱ ይያዝልኝ ይላል።»

ሻሎም አጉረመረመ፤ ጣሪያውን አየ፤ ወለሉን አየ። በመጨረሻ ከሚስማሩ ላይ ሽርጡን አውርዶ ወደ ጓንጉል ወረወረው። «በሩን ሰዓቱ ሳይደርስ ብትከፍት ግን አንተንም እዚያው አስገባሃለሁ።»

«በሩን አልከፍትም በለው» አለ ጓንጉል ሽርጡን እየታጠቀ። «የፕላዳው አሸዋ ግን የኔ ነው። እዚያ ሰዓት አያስፈልገኝም፤ ቀለሙን አያለሁ።»

እንዲሁም ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረብ ብረት በሚሠራበት ጊዜ ጓንጉል በአሸዋው ትሪ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ቀለም ይጠብቃል። ቲታንየም እቶን ውስጥ ባለ ቀን ደግሞ ወንበሩን አዙሮ፣ ጀርባውን ለመመልከቻው መስተዋት ሰጥቶ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ይውላል። እጁ ወደ መዝጊያው የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ መንገድ ላይ ይመልሰዋል።

ዘሩ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር አይምረውም። «ጋሼ፣ እቶኗ አማትዎ ናት እንዴ? ፊትዎን የሚያዞሩባት?»

«እንደ አማት ነው የምንከባበረው» ይለዋል ጓንጉል። «ሂድ ሥራህን ሥራ።»

የመጀመሪያው የያሪቭ ሥራ ተጠናቆ በወጣበት ቀን ጓንጉልና ዘሩ አብረው ከፋብሪካው ወጡ። አውቶቡሱ ሚግዳል ደርሶ ሲያራግፋቸው ጓንጉል ወደ ቤቱ መንገድ አልታጠፈም፤ ቆመ።

«ዘሩ፣ ያቺ ጸሐፊ አሁንም እዚያው ቢሮ ናት?»

«የትኛዋ?»

«ገበሬ ብላ የጻፈችኝ።»

ዘሩ ሳቀ። «ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው እኮ። አሁን ሄጄ ስሕተት ነው ብላት፣ ማን ዋሸ ብትለኝስ?»

«እኔ በላት።»

«እሺ፤ በገበሬው ፈንታ ምን ትጻፍ?»

«ቀጥቃጭ።»

ዘሩ ቃሉ ከጓንጉል አፍ፣ በሕዝብ መካከል፣ እንዲህ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም። መሳቁን ተወ። «በነርሱ ቋንቋ ናፓኽ ነው የሚባለው» አለ።

«ናፓኽ» አለ ጓንጉል፤ ቃሉን እንደ አዲስ ብረት በአፉ መዘነው። «ስድብ ነው?»

«ኧረ አይደለም። ሥራ ነው።»

«እንግዲያስ ጮክ ብለህ ንገራት።»